ቁጥር አምስት ከረጢት

ሥራዬ ሰው አለማመን ነው። የምሠራው መኪና ለተጋጨባቸው ሰዎች ካሳ በሚከፍል መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛዬ ጋ የሚቀርብ ሁሉ ታሪክ ይዞ ይቀርባል። ፍሬን እምቢ አለኝ፣ አህያ ዘላ ገባችብኝ፣ ዝናብ ነበር። እኔ አንገቴን እየነቀነቅኩ ከታሪኩ ውስጥ የጎደለውን እፈልጋለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አለቆቼ ያመሰግኑኛል፣ ባለጉዳዮች ይረግሙኛል። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም። ከቤቴ ስላስወጣኋት ሴት ልጽፍ ስለሆነ፣ የሚያነበኝ ሰው ከማን ጋር እንደተቀመጠ ይወቅ ብዬ ነው።

ቤታችን ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን፣ ልጅ አልሰጠንም። እሱ የሒሳብ መምህር ነው። ከተማሪነቱ ጀምሮ ጨጓራው ያመዋል፤ አንድ ጊዜ ደም አስታውኮ ሆስፒታል ተኝቷል። ሴትዮዋ ዘጠኝ ዓመት አብራን ኖራለች፣ ምግባችንን የምትሠራው እሷ ነበረች። ዕድሜዋ ከእኔ አሥር ዓመት ይበልጣል። እኔ «አንቺ» እላታለሁ፣ እሷ «እትዬ» ትለኛለች። ባለቤቴ ብቻ «እርስዎ» ይላት ነበር፤ እኔም በዚህ እስቅበት ነበር።

ስሟን የመጣች ቀን ነግራኛለች። ረጅም የገጠር ስም ነው። ይሄ ከበር እስከ ጓዳ ተጠርቶ አያልቅም ብዬ እዚያው በቆመችበት ሌላ አጭር ስም አወጣሁላት። በሰፈራችን ይህን ያላደረገ ቤት ጥቂት ነው። ሠራተኛ ስትገባ ፌስታሏን ታስቀምጣለች፣ ስሟን ታስቀምጣለች፣ ሥራ ትጀምራለች። ባለቤቴ ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የነገርኩት አዲሱን ስም ነው፤ የድሮውን እሱም አልጠየቀ፣ እኔም ረሳሁት። እሷ ያን ቀን ያለችው «እሺ፣ እትዬ» ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሁሉም ነገር መልሷ ይኸው ነው።

ማንበብ አትችልም፣ ቁጥር ግን ትለያለች። ባለቤቴ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ እኔ በሌለሁበት ቢያመው ጎረቤት ሮጣ እንድታስደውል ስልክ ቁጥሬን ጓዳው በር ላይ በእርሳስ ጻፍኩላት። በሁለት ቀን በቃሏ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ሳታሸት ድስት ውስጥ አትጨምርም ነበር። ከገበያ የገባውን ቅመም ሁሉ፣ እኔ የገዛሁትንም ጭምር፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። የጉምሩክ ፈታሽ ቀጠርን እያልኩ አሾፍባት ነበር። ባለቤቴ በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ሆዱን ይዞ አልተኛም። እኔ መድኃኒቱ የሠራ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የሳጥን ወሬ ገባ። ሳንሱሲ በኩል አንዲት ወጣት ሴት ሽንኩርቱን አስከትፋ፣ ቁሌቱን አዘጋጅታ፣ ሥጋውን አስመትራ፣ ቅመሙን ለክታ፣ በየከረጢቱ ላይ ቁጥር ለጥፋ ቅዳሜ ቅዳሜ በሞተር ትልካለች። በቴሌግራም ማዘዝ ብቻ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት አለ፦ ቁጥር አንድን ጣዪ፣ ሰባት ደቂቃ አማስዪ፣ ቁጥር ሁለትን ጨምሪ። እጇ የማይጣፍጥ ሴት በአንድ ወረቀት ባለሙያ ሆና ትወጣለች። እኛ እንግዲህ ጊዜ የሌለን ሰዎች ነን። ጊዜ የለንም እየተባባልን ማኪያቶ ይዘን ግማሽ ቀን እናወራለን። እኔም አዘዝኩ፤ ለባለቤቴ ብዬ አልጫውን።

የመጀመሪያው ሳጥን ሲመጣ በሩን ከፍታ የተቀበለችው እሷ ናት። ሽንኩርት እንዳትነካ ነገርኳትና አጠገቤ አቆምኳት። ሥራዋ ማየት ብቻ ነበር። ወረቀቱን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሠራሁ፣ ሰዓቱንም በስልኬ ያዝኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ። አየሽ አልኳት፣ አንቺ ግማሽ ቀን የምትፈጂበትን። አዎ እትዬ አለችኝ። ሴትዮዋ ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር፤ የምታየው የራሷን ስንብት እንደሆነ የገባት ይመስለኛል። እንዲገባትም ፈልጌ ነበር።

ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ቁጥር አምስትን ነስንሺ ይላል። ቁጥር አምስት ትንሽ ከረጢት ናት፣ ላይዋ ላይ «ማጣፈጫ» ተብሎ ተጽፎባታል። ሴትዮዋ ከእጄ ላይ ቀስ ብላ ወሰደቻትና ቀድዳ አሸተተቻት።

«ይሄ ሚጥሚጣ አለበት፣ እትዬ። ለጋሼ አይሆንም።»

«ይህን ያዘጋጀችው ሴት ተምራ ነው። አንቺ ምን ተምረሽ ነው?»

እሺ እትዬ አለች። ወጡን ለማውጣት ዞር ስል ከረጢቷ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ፤ ቁጥር አምስት ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ እኔም ለአንዲት ቁንጥር ቅመም ብዬ ከእሷ ጋር አልሟገትም እያልኩ አለፍኩ።

በአራተኛው ቅዳሜ ሳጥኑን ተቀብላ ስትገባ ዕቃሽን ሸክፊ አልኳት። ባለቤቴ ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ ቀኑን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። አላለቀሰችም፣ ምክንያቱንም አልጠየቀችም። ጋሼን ተሰናብታ ብትሄድ እንደሚሻል ብቻ ተናገረች፤ እኔ ሰላምታሽን አደርሳለሁ አልኳት። ወዴት ትሄጃለሽ ማለትም አልመጣልኝም። እሷው ናት ቆሼ በኩል የአገሯ ልጅ እንዳለች የነገረችኝ። ከግቢው ከወጣች በኋላ ሞተረኛውን አስቁማ ስታነጋግረው በመስኮት አየሁ። በኋላ እንደገባኝ፣ ሽንኩርቱ የሚከተፍበትን ቦታ እየጠየቀችው ነበር። ለባለቤቴ እህቷ ታማባት አገሯ ገባች አልኩት። ሳትሰናበተኝ? አለ። ቸኩላ ነበር አልኩት።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች መከተል ጀመርኩ። ቁጥር አምስት ሲል ቁጥር አምስት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የባለቤቴ ሆድ ተነሳ። ማታ ማታ ሶፋው ላይ ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ ወተት ይጠጣል። የፈተና ማረም ጭንቀት ነው አልኩት። ሰው ሚስቱን ካላመነ ማንን ያምናል፤ እሱም የፈተና ወረቀቶቹን መርገም ያዘ።

ሴትዮዋ ከወጣች ከአራት ሳምንት በኋላ ቁጥር አምስት ከሳጥኑ ቀረች። አሠራር ቀይረው ነው ብዬ ተውኩት። የባለቤቴ ሆድም ተሻለው። እኔ ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም። የሰው ውሸት ከሦስት ገጽ ሪፖርት ውስጥ የምለቅም ሴት፣ ድስቴ ውስጥ ያለውን አላየሁም። እንዲያውም መሥሪያ ቤት ሄጄ ሳጥኑ ባሌን ፈወሰልኝ ብዬ አወራሁ። ሦስት ሴቶች በእኔ ምስክርነት አዘዙ።

ቁጥር አምስት ከቀረች በአሥራ አንደኛው ሳምንት አዲስ ወረቀት መጣ። ከየቁጥሩ ጎን ባዶ ሳጥን ተሥሏል፣ መረከብዎን ምልክት ያድርጉ ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ምልክት አደረግኩ። አምስተኛው ባዶ ቀረ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለእኔ ግን ባዶ ሳጥን ማለት እንጀራዬ ነው። አራቱን ከረጢቶች ደርድሬ ፎቶ አነሳሁና ሳጥኑን ለምትልከው ወጣት ላክሁላት። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲጎድለኝ ቆይቷል፣ ከመካከላችሁ ለቃሚ አለ፣ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር የጻፍኩት። ያቺ ወጣት ወዲያው ይቅርታ ጠየቀችኝና አጣርታ እንደምትደውል ነገረችኝ።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ደወለች፤ ቢሮ ነበርኩ። ጨዋ ልጅ ናት። አንዲት ሠራተኛ መያዟን ነገረችኝና ስሟን ጠርታ፣ ያውቋት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ረጅም የገጠር ስም ነው። በእውነት አላውቀውም ነበርና አላውቃትም አልኩ። ይህ የመጀመሪያው አላውቃትም ሐሰት የለበትም።

ከዚያ ልጅቷ ቀጠለች። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም፣ ግን ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈውን ስልክ ቁጥር እንዳየች የማን ቤት እንደሆነ አውቃለች። እዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ጋሼ ሚጥሚጣ ከቀመሱ ደም ያስታውካሉ፣ እትዬ ደግሞ ወረቀቱ ያለውን ሁሉ ይጨምራሉ፣ ስለዚህ ቁጥር አምስትን አወጣባቸው ነበር ብላለች። ልጅቷ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ማመን እንደፈለገች ከድምፅዋ ይታወቃል።

«ያለችው እውነት ከሆነ ሌባ አይደለችም፣ ትቀጥላለች። ካልሆነ ግን እዚህ ላቆያት አልችልም፤ የሰው ምግብ ነው። እርስዎ ቤት ሠርታለች?»

 ከስልኩ ውስጥ የቢላ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ብዙ ሴቶች ባንድ ላይ ሽንኩርት ሲከትፉ። አዎ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን ንዴት ከእግሬ ተነሥቶ እስከ ፀጉሬ ወጣ። እኔ ከቤቴ አስወጥቻታለሁ፣ እሷ ሳንሱሲ ተቀምጣ ጓዳዬን ታስተዳድራለች! ባሌን ያዳነው ሳጥኑ አልነበረም፣ እኔም አልነበርኩም። እያንዳንዱን ቅዳሜ የራራችልኝ እሷ ናት። ያባረርኩት ሰው ሊራራልኝ ምን መብት አለው? አፍሬም ነበር፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ የበለጠው ንዴቱ ነው።

«አላውቃትም። እንዲህ ያለ ታሪክ እኔ በየቀኑ ነው የምሰማው።»

 ልጅቷ ስልኩን በድምፅ ማጉያ እንደከፈተችውና ሴትዮዋ አጠገቧ እንደቆመች ነገረችኝ። የቢላዎቹ ድምፅ ቆሟል። ከትንሽ ርቀት አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«እሺ፣ እትዬ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከሰዓት በኋላ ሁለት የካሳ ጥያቄ ውድቅ አደረግኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ መጣ፤ ቁጥር አምስት ከነማጣፈጫዋ ተቀምጣለች። አሁን ምን እንዳለባት አውቃለሁ። ባወጣት ግን ሴትዮዋ ልክ ነበረች ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ ውሸታም። እልህ ያዘኝ። ነሰነስኩት። ባለቤቴ በልቶ ሲጨርስ አመስግኖኝ ተነሣ፣ ማታ ሶፋው ላይ ተጣጠፈ። በሁለተኛውም ቅዳሜ ነሰነስኩት። እሱ አንድ ቀን እንኳ ምን ጨመርሽበት አላለኝም። ወተቱን ራሱ አሙቆ ይጠጣል። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ሲል እያየሁ ቴሌቪዥን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ባኞ ቤት ሆኜ ሞተረኛው መጣና በሩን ባለቤቴ ከፈተለት። ስወጣ ባለቤቴ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ አንድ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፍ ደረስኩ። ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ሁሉም ላይ ቁጥር አምስት ተጽፏል፣ አንዱም አልተከፈተም። ሞተረኛው የጎደለባችሁ ነው፣ ከተባረረችው ሴትዮ መደርደሪያ ላይ በጣሳ ተጠራቅሞ ተገኘ ብሎ ሰጥቶታል። ማን ናት ብሎ ሲጠይቀው ደግሞ ስሟን አላውቅም፣ ማዘር ነው የምንላት፣ ከቆሼ በኩል ነው የምትመላለሰው፣ የዚህን ቤት ሰዎች አውቃቸዋለሁ ትል ነበር ብሎታል።

ባለቤቴ ከረጢቶቹን እየደረደረ ቆጠረ። አሥራ አንድ ናቸው። የሒሳብ መምህር ነውና ቀጥሎ የቆጠረው ሳምንቶቹን ነው። ሆዱ ደህና የነበረባቸውን ቅዳሜዎች በጣቱ ሄደባቸው። አንዱን ከረጢት ቀድዶ አሸተተ፣ አሳለው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አገሯ ገባች አላልሽኝም?»

ተመልሳ መጥታ ይሆናል፣ እኔ በምን አውቃለሁ አልኩት። ቅር ያላት ነገር ኖሮ ይሆናል እንጂ እኛ ቤት ሳትመጣ አትቀርም ነበር ብዬም ጨመርኩ። ነገር ሲጨመርበት እንደሚታመን ከባለጉዳዮቼ ተምሬያለሁ። እሱ ግን ጫማውን እያሰረ ነበር። ሄዶ ሊፈልጋት ነው። ቆሼ በኩል ስንት ሺህ ሰው አለ፣ ማንን ትጠይቃለህ ስለው፣ ስሟን ጠርቼ እጠይቃለሁ አለ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመና፣ እዚያ ሥራ ቦታዋ በዚሁ ስም እንደሚያውቋት ሳጥኑን ለምትልከው ልጅ ደውዬ እንዳረጋግጥለት ለመነኝ።

ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። መደወል አላስፈለገኝም። ያ ረጅም ስም ከማክሰኞው ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። እኛ ቤት ዘጠኝ ዓመት አስቀምጣው የኖረችውን ስሟን፣ ሳንሱሲ ስትገባ መልሳ አንሥታዋለች፤ አሁን በዚያ ስም ነው የምትጠራው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ለማንም ሳላወራ ልብስ ማድረቂያው ገመድ አጠገብ ትንሽ ቆየሁ። በእርሳስ የጻፍኩት ቁጥር ጓዳው በር ላይ እንዳለ ነው፤ ከቆምኩበት ይታየኛል። ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። ሄዶ ያገኛታል፣ ያመጣታል፣ እሷም እዚያ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ያንን ማየት አልቻልኩም።

ተመልሼ ገባሁ።

«በዚያው በእኛ ስም ነው የሚያውቋት» አልኩት።

ያወጣሁላትን ስም ይዞ ወጣ። አመሻሽ ላይ ተመለሰ። ጫማው አቧራ ሆኗል፣ ሆዱን በአንድ እጁ ይዟል። ከሱቅ ሱቅ፣ ከግቢ ግቢ ሲጠይቅ ውሏል፤ ቆሻሻ የሚለቅሙትን ሴቶች ሳይቀር አስቁሞ ጠይቋቸዋል። እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ የለችም አሉኝ አለ። እኔም አገሯ ገብታለች ብዬህ ነበር አልኩት። እራት አቀረብኩለት። ቁጥር አምስትን አልጨመርኩበትም፤ እሱም ትንሽ ቀመሰና እጁን ታጠበ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ከግቢው በር ቆምኩና ስሟን፣ የራሷን፣ እየጠራሁ ወደ ጓዳ መራመድ ጀመርኩ። ሁለተኛውን እርምጃ ሳልጨርስ ተጠርቶ አለቀ።